የወለቀ ጥርስን ስለ መተካት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ጥርስ ነው። ይህ ለእድር ምኑ ነው ትሉን ይሆናል። እድር ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን በቁሙም ሳለ መተዛዘኛ ነው ብለን ነው። በለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ ሲስቁ አፋቸውን በጋቢ የሚሸፍኑ ሽማግሌዎች በሲሬያችን ብዙ ናቸው። እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን።

በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን ጥርስ ባመመን ቁጥር ማስነቀል እንጂ ማሳከም አናውቅም ነበር። ጡረታ ስንወጣ የታች መንጋጋዎቻችን በግራም በቀኝም አልቀው ነበር። ቆሎው ቀረ፤ ሥጋው ቀረ፤ ለእኛ የተረፈው ፍትፍትና የተቀቀለ አንጮቴ ነው። ባለቤታችንም «ከሰው ጋር መብላት እንኳ ተዉ እኮ! ሄደው ያሳዩ እንጂ» እያሉ ወተወቱን።

መጀመሪያ የሄድነው ገበያ ላይ «የወርቅ ጥርስ እሠራለሁ» ከሚል ሰው ዘንድ ነው። በታመመ ጥርስ ላይ ቆብ ደፋበት፤ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ፊታችን አበጠ፤ ያም ጥርስ ተነቀለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ነቀምቴ ሄደን ለተማረ የጥርስ ሐኪም አሳየን። የነገረንም የሚከተለው ነው።

ጥርስ የወለቀበት ቦታ ባዶውን ሲቆይ በግራ በቀኝ ያሉት ወደ ክፍቱ ሊጋደሙ፣ ትይዩ ያለውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። አጥንቱም እየሳሳ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የጎደለ ሁሉ ይተካ ማለት አይደለም። ሙሉ ሰው 32 ጥርስ ሲኖረው፣ 20 ያህሉ ደኅና ሆነው ላይና ታች ከተገጣጠሙ ብዙ ሰው ያለ ምትክ ያኝካል።

ምትክ ካስፈለገ መንገዱ ሦስት ነው።

1ኛ/ የሚወልቅ ጥርስ። በዋጋ ቀላሉ ነው፤ ደኅና ጥርስ ሳይሞረድ ይሠራል፤ ብዙ ለጎደለውም ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል፤ ያኮላትፋል፤ አጥንቱ ሲሳሳም ይላላል። ማታ አውልቆ፣ በብሩሽና በሳሙና አጥቦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማሳደር ነው። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል።

2ኛ/ ድልድይ። በክፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ቆብ ይደፋባቸውና የመካከሉን ይሸከማሉ። አይወልቅም፤ ለማኘክም ጠንካራ ነው። ሆኖም የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከምሰሶዎቹም አንዱ ቢበላሽ ድልድዩ ይፈርሳል።

3ኛ/ ኢምፕላንት። ከታይታኒየም የተሠራ ብሎን በአጥንት ውስጥ ተተክሎ በላዩ ጥርስ ይታሠርበታል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን ሰው ያከሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጎረቤት ጥርስ አይነካም፤ ጥንካሬውም የታወቀ ነው። ግን ውድ ነው፤ አጥንቱ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ስኳሩ ላልተስተካከለና ሲጋራ ለሚያጨስ የመክሸፍ አደጋው ይበዛል።

ልጆቻችን «እናዋጣና ኢምፕላንቱ ይሁንልዎ» አሉን። አንዲት ላም ለመሸጥም ታስቦ ነበር። ነገር ግን የስኳር ሕመማችን ገና አልተስተካከለም። ድልድዩም ከኋላ ምሰሶ የሚሆን ጥርስ ስለሌለን አልሆነም። ስለዚህ የሚወልቀውን መረጥን፤ ላሚቱም ከበረቷ አልወጣች። ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆንብን ፈርተን ነበር፤ እውነትም ድዳችን ቆስሎ ሁለት ጊዜ ነቀምቴ ተመላልሰን አስሞርደነዋል። ዛሬ ንፍሮና በደንብ የበሰለ ሥጋ እንበላለን። ቆሎና ቡና ቀላ ግን አሁንም ለልጆች ትተናል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። የቀሩት ጥርሶች ምን ያህል ደኅና ናቸው? ለመመላለሻውና ለኋላ ጥገናው ስንት ይወጣል? ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ካለባችሁ አትደብቁት። በጎረቤት አፍ ያማረ በእናንተ አፍ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የልጅ ልጆቻችሁ ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን እንዲቦርሹ፣ የታመመም ጥርስ ሳይነቀል እንዲታከም አድርጉ። በሚቀጥለው ዓመት ስንገናኝ ጋቢው ለብርድ እንጂ አፍ ለመሸፈኛ እንዳይሆን ፈጣሪ ይርዳን።