ልባችንን የምንሰጠው ሥራ ከወዴት ይገኛል?

(በወንጪ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርዕስ «ሰው በዕለታዊ ኑሮው ውስጥ ልቡን የሚሰጥበትን ሥራ እንዴት ያገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው የጠገበ ሰው ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጎተራው ለጎደለበት፣ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ለቸገረው ሰው ስለ ልብ ፍላጎት ማውራት ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። እኛም በየመንደሩ ስንዞር ይህን ደጋግመን ሰምተናል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእንጀራ ጉዳይ የተለየ አይደለም። ብዙ ወጣቶች ከዚህ ከወንጪ፣ ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ስለምን እንደሚሄዱ ስንጠይቃቸው ችግር ገፋን የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን «እዚህ ምን አለና!» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንን «ምን አለና» የሚለውን ቃል ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አሳብ እናንሣ። ብዙዎቻችን ልብን የሚማርክ ሥራ አንድ ቀን ድንገት የሚገለጥ፣ ሩቅ አገር ተቀምጦ የሚጠብቀን ነገር ይመስለናል። እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን ሥራ እንደ ቅጣት እንሠራዋለን። የሰዎችን ታሪክ ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አናገኘውም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ኦሎንኮሚ የምትባል ከተማ አለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። ያደጉት በአንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ሲሆን፣ እናታቸው ልጃቸው እንዲማር አጥብቀው ስለፈለጉ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው እየተጓዙ ይማሩ ነበር። ቀድሞ አሳባቸው መሐንዲስ መሆን ነበር። በኋላ ግን በእርሻ ሙያ ይበልጥ ሰው መጥቀም እንደሚቻል ተረዱና በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ሱዳን ሄደው ሠሩ፤ በ1983ም ድርቅ የሚቋቋም ድቅል የማሽላ ዘር ለገበሬው እንዲደርስ አደረጉ።

ከዚያም ገበሬውን የሚያስለቅሰውን አቀንጭራን ያዙ። አቀንጭራ ምን እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነቅቶ ይበቅላል፤ በሥሩ ላይ ተጣብቆም ምግቡን ይመጥጣል። ፕሮፌሰር ገቢሳና የሥራ ጓደኛቸው ላሪ በትለር ይህንን ምልክት እምብዛም የማይሰጥ ማሽላ ፈልገው አገኙ፤ አቀንጭራውም ሳይነቃ ይቀራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከዚህ ዘር 8 ቶን ያህል ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በ2009 ደግሞ የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ሽልማቱን አይደለም። ማሽላ ማንም የሚያውቀው፣ ድሃ የሚበላው እህል ነው። ሰውየው ልባቸውን የሰጡት ለዚህ ተራ እህል ነው። ፍቅሩም በአንድ ቀን አልመጣም። አንድን ነገር ረዥም ዘመን በትኩረት በማየት፣ በእርሱም የሌላውን ሰው ችግር በመገናኘት አደገ። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የልብ ፍቅር ከትኩረት ይወለዳል፤ በባልንጀራ ችግርም ይጎለምሳል።

አሁን ወደዚሁ ወደ ወንጪ እንመለስ። በዚህ ደጋ ብዙ ጓሮ በእንሰት የተሸፈነ ነው። በኦሮምኛ ወርቄ እንለዋለን። እንግዳ ሰው ሲያየው ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጠል ይመስለዋል። በአንድ ጓሮ ያገኘናቸው እናት ግን ተክሎቹን እንደ ልጆቻቸው በየስማቸው ይጠሩልን ጀመር። ይህኛው ቡላው የሚያምር፣ ያኛው ቃጫው የጠነከረ፣ ይህ ደግሞ አምቾው ተቀቅሎ የሚጣፍጥ፣ ያ ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ እያሉ አስረዱን። ችግኝ እንዴት እንደሚገኝም ነገሩን፤ ግንዱ ተቆርጦ፣ መሐል ልቡ ወጥቶ፣ ሥሩ በአፈር ሲቀበር ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይነሣል። ከዚያ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለመፋቅም እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ የቀኑ ድካም ከፊታቸው ጠፋ። «ይህን ማን አስተማረዎት?» ስንላቸው «እናቴ ናት፤ የቀረውን እርሱ ራሱ አስተማረኝ» ብለው ወደ ተክሉ አመለከቱ።

እኒህ እናት ፍቅራቸውን ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ጎረቤቶቻቸው የሚጠቀሙበትም ነው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ታውቁታላችሁ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ የገለጹት በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። አንዴ ከያዘ ተክሉን የሚያድን መድኃኒት የለውም። በቢላዋና በመፋቂያ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይተላለፋል። ስለሆነም መሣሪያውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውንም ነቅሎ ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት ከእኛ ወረቀት ይልቅ ጎረቤት የሚቀበለው ተክሉን በስም ከምታውቅ ሴት አፍ ሲሰማው ነው። በአገራችን ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ስናስብ፣ የእኒህ እናት እውቀት «ምንም» የሚባል ነውን?

እንዲሁም የወንጪን ማር ተመልከቱ። ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዲጠበቁ ከሚደግፋቸው ምርቶች አንዱ አድርጎታል። በሐይቁ ዙሪያ ፈረስ እየሳቡ እንግዳ የሚያስጎበኙትንም ወጣቶች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጧታል። ማሩም ፈረሱም ሐይቁም ዱሮ የነበሩ ናቸው። አዲሱ ነገር በትኩረት ያያቸው ሰው መገኘቱ ነው።

ታዲያ ሰው ለየትኛው ሥራ ልቡ እንደተሰጠ በምን ያውቃል? ሦስት ምልክቶች እናቅርብ። አንደኛ፣ ማንም ሳያዝዘው ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ሌሎች አንድ ዓይነት አድርገው የሚያዩትን እርሱ ለይቶ ያያል፤ ጉድለቱም ያሳስበዋል። ሦስተኛ፣ ጎረቤት ሲቸግረው በዚያ ጉዳይ ወደ እርሱ ይመጣል። ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ ይበልጣል። ዶርቃ በቅዱስ መጽሐፍ የምትታወሰው በንግግር አይደለም፤ ለመበለቶች በሰፋችው ልብስ ነው። መርፌ ግን በስንት ቤት ነበረ!

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ሰው ሁሉ የሚሠራውን እንዲወድ ማዘዝ ጭካኔ ነው። ከሌሊት ጀምራ ውኃ ለመቅዳት የምትወርድ፣ ተመልሳ እህል የምትፈጭ፣ እንጨት የምትለቅም ሴት ሸክሟን ውደጂው ልንላት አይገባም። ትኩረት ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል። ምንጭ ስናጎለብት፣ ወፍጮ ስናቋቁም የምናተርፈው ውኃና ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ሰው አረፍ ብሎ የሚወደውን የሚያይበትን ሰዓት ጭምር ነው። ፕሮጀክታችንንም በዚህ ልንመዝነው ይገባል።

ስለዚህ ለእናንተ ለፕሮጀክት ሠራተኞች አደራ አለን። ወደ አንድ ቀበሌ ስንገባ ቅጻችን የሚጠይቀው የጎደለውን ነው፤ ስንት ቤት ውኃ የለውም፣ ስንት ልጅ አልተማረም ይላል። ይህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የሚጎድለውን ብቻ የተጠየቀ ሰው ውሎ አድሮ ራሱን እንደ ጎደሎ ያያል። ስለሆነም ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ «በዚህ መንደር ስለ ንብ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ ልጆች ማን ይጠየቃል? እርስዎስ ቢደክምዎትም የማይተዉት ሥራ የትኛው ነው?» መልሱን በስም እንጻፍ። ሥልጠናም ስናዘጋጅ አስተማሪውን አስቀድመን ከእነዚህ ሰዎች መካከል እንፈልግ።

ለእናንተም ለምእመናን፣ በተለይ ለወጣቶች፣ አንድ ልምምድ እንተዋለን። በዚህ ሳምንት በየቀኑ ከምትሠሩት መካከል አንዱን ነገር መርጣችሁ ቀድሞ ያላያችሁትን አንድ ነገር ፈልጉበት። በሳምንቱም መጨረሻ ስለዚያ ነገር ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ከዚህ አገር መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ መማርም ሥራ መፈለግም ነውር አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳም ሩቅ ሄደዋል። ነገር ግን የሚሄድ ሰው የተወለደበትን አገር አውቆት ይሂድ፤ «እዚያ ምንም አልነበረም» የሚለውን ቃል ይዞ አይሂድ።