ከአማቶቼ ግቢ የተማርኩት እንግሊዝኛ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ደባርቅ ስለቀረህበት ነገር ትንሽ አጫውተን» ብለውኛል። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የተወለድኩት ጨንቻ ነው፤ አፌን የፈታሁት በጋሞኛ። ማራኪ ግቢ እንግሊዝኛ ተምሬ ስጨርስ የደባርቅ ልጅ አገባሁና ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወጣሁ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ፤ እዚያው እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የምንኖረውም ከአማቶቼ ግቢ ነው።

አካባቢው ለባዕድ ሰው አዲስ አይደለም። ፒስኮር በ1955 ዓ.ም. መባቻ አገራችን ገብቶ ወጣት አሜሪካውያንን በየክፍለ ሀገሩ ካሰማራ ወዲህ ፈረንጅ አስተማሪ በብዙ ከተማ የታወቀ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋልያና ጭላዳ ሊያይ የሚመጣ ደባርቅን ሳይረግጥ አያልፍም። እኔ ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ ነበርኩ፦ መልኬ የአገር ልጅ፣ አማርኛዬ የሩቅ ሰው።

ብርዱ አልከበደኝም፤ ጨንቻም ደጋ ናት። ገብሱም ያው ገብስ ነው። ጋቢውማ የእኛ አገር ሸማኔዎች ሙያ ነው። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው «እንግዲያ ገና ሳይመጡ ለብሰንዎታል!» ብለው አሳቁኝ። እትየ ነው የምላቸው። የልጅ ልጃቸውን ካሳቀፍኳቸው በኋላ እንኳ እኔን «አንቱ» ማለታቸውን አልተዉም፤ በእነሱ ወግ አማች ይከበራል።

የከበደኝ ጨዋታው ነው። ሰው ሲሰበሰብ፣ ኮረፌው ሲዞር፣ እኔ ዝም እላለሁ። ቃሉን አገላብጬ እስካወጣው ወሬው ዳባት ደርሷል። ዘመድ ግን «ጨዋ አማች አገኛችሁ» ይላል። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?

ክፍል ስገባ ያንኑ ዝምታ በልጆቹ ፊት ላይ አገኘዋለሁ። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ በሰው ቋንቋ አፉን ለመክፈት ይፈራል። ሌላም አለ፤ በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም ያው «ዩ» ነው። ልጆቹ እኔን «ዩ» ማለት ድፍረት ስለሚመስላቸው «ቲቸር» ብለው ያልፉታል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ አስተዳደግ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ያልገባውን መጠየቅ ያልቻለ ልጅ ሳይጠይቅ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል፣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋ ግን አንዱ ነው።

አሁን ስለ አባባ ልንገራችሁ፤ የባለቤቴ አባት ናቸው። ፓርኩ ውስጥ ስካውት ሆነው፣ ጠመንጃ አንግተው፣ ከሳንካበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ጎብኚ ሲያጅቡ ኖረዋል። ትምህርት ቤት አልገቡም። እንግሊዝኛቸው ቢቆጠር ሠላሳ ቃል አይሞላም፦ «ስሎው ስሎው»፣ «ኖ ፕሮብሌም»። በዚያችው ግን ከጀርመኑም ከጃፓኑም ይግባባሉ። ሰው ሲስቅባቸው እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ግቢያችን ውስጥ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከቤት እያመጡ፣ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። አንዷ ደብተሯ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቷ «ካላለፈች ትዳር ትያዝ» ብለዋል። አንድ ማታ ቡና ላይ አባባ ስለ ጭላዳ ለፈረንጅ እንዴት እንደሚያስረዱ ሲያሳዩን «ሞንኪ ኢት ግራስ» አሉ። ከበሩ አጠገብ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «‹ኢትስ› ነው የሚባለው፣ አባባ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባም «በይ እንግዲህ አስተማሪዬ አንቺ ነሽ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ታስተምራቸዋለች።

እኔም ይህንኑ ወደ ክፍል ወሰድኩት። ማንም ለእኔ ከመመለሱ በፊት ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይነጋገራል። የቤት ሥራው ደግሞ ለእናት፣ ለአያት ወይም ለታናሽ አምስት ቃል ማስተማር ነው። ማግስቱን «እናቴ እንዲህ አለች» እያሉ ይመጣሉ፤ በዚያ ሳቅ መሀል ዝም ይል የነበረው ሁሉ ይናገራል። ልጅቷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ትፈተናለች። ውጤቷን እኔም አባቷም እየጠበቅን ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ገንዘብ ልለምናችሁ አልቆምኩም። ለጥምቀት ጎንደር ስትመጡ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አንድ ቀን ጨምሩና ደባርቅ ውጡ። ሐኪሙ ስለ ሕክምናው፣ መሐንዲሱ ስለ ድልድዩ፣ በቀላል እንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ጊዜ ከልጆቹ ጋር ያውራ። የተማረ ሰውም ቃል ሲጠፋው ቆም ብሎ እንደሚፈልግ፣ አፍሮም እንደማይሸሽ ይዩ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለማዕድ ወግ ይሁን፤ ቋንቋ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

ማደሪያ አታስቡ፤ እትየ አሉ። ሁላችሁንም «አንቱ» እያሉ ነው የሚቀበሏችሁ።