የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ውስጣዊ መለጠጥና የንድፍ ጥንቃቄ



በጎበሳ አካባቢ አንድ የጤና ኬላ የሌሊት መብራቱን የሚያገኘው በፀሐይ ኃይል ከሚሞላ የታሸገ ባትሪ ነበር። ባየሁት ጊዜ የባትሪው ጎን ተነፍቶ፣ ክዳኑም በአዎንታዊው ምሰሶ ሥር ተሰንጥቆ ነበር። «ከመጠን በላይ ተሞልቶ ነው» ተባለ። የሙሊቱ ቮልቴጅ ሲለካ ግን ጤናማ ሆነ። ወላድን በጨለማ ያስቀረው የሠራተኛው ስሕተት ሳይሆን፣ ንድፉ ለዕድገት ቦታ አለመተዉ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአዎንታዊው ሰሌዳ የእርሳስ ፍርግርግ፣ ባትሪው ሞልቶ በተቀመጠበት ጊዜ ጭምር ቀስ በቀስ እየተበላ ወደ እርሳስ ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ውሑድ ከተገኘበት እርሳስ ከሢሶ በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍርግርጉ ከዓመት ወደ ዓመት ይለጠጣል። የ20 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ 5 በመቶ ቢያድግ 1 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም ክዳን ለመሰንጠቅ ይበቃል።

የአርሲ ደጋ ቅዝቃዜ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳልና፣ ከአሰላ ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ ባትሪ ጉዳቱን ፈጥኖ ያያል።

እንግዲህ ንድፍ አውጪው ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ እርሳሱን ከካልሲየምና ከቲን ጋር በመቀላቀል ፍርግርጉን ያጠንክር። ሁለተኛ፣ ከሰሌዳው ጫፍ ባሻገር ባዶ ቦታ ይተው፤ የምሰሶውም ማሸጊያ ሳያፈስ ከምሰሶው ጋር የሚንቀሳቀስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ወደ ጎን ግን አይልቀቅ። አሲዱን የያዘው የመስታወት ጭረት ምንጣፍ ከሰሌዳው ጋር ተጣብቆ መቆየት አለበትና የሣጥኑ ግድግዳ ብርቱ ይሁን።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የቤል ላቦራቶሪዎች ለስልክ ጣቢያዎች የሠሩት ባትሪ፣ ምንም እንኳ የታሸገ ባይሆን፣ ጥሩ አስተማሪ ነው። ክብ ሰሌዳዎቹ እንደ ሰሐን ተነባብረው ስለተሠሩ ፍርግርጉ ሲያድግ ከያዘው ቅብ አይለያይም ነበር። ዕድገቱን አልታገሉትም፤ አስቀድመው ቆጠሩት።

ጠላ የምትጠምቅ እናት ጋኑን እስከ አፉ አትሞላም፤ እንደሚገነፍል ታውቃለችና። እኛም ባትሪ ስንነድፍ ለዕድገቱ፣ ስንተክል በባትሪዎች መካከል ለአየር፣ በጀት ስንይዝ ለመለወጫው ቦታ እንተው።