ነባር መምህር በምን ይመዘናል?

ዛሬ ስለ መምህራን ምዘና እንነጋገራለን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የእድገት መሰላል እንዲኖር ወሰነ። ከጀማሪ መምህር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ለመውጣት ግን የአገልግሎት ዘመን ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ውጤትም ይታያል። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ያያል፤ ሱፐርቫይዘሩ ይጎበኛል፤ ተማሪዎችና ወላጆችም ሐሳብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

የእርሻ ሥራ የሚለካው በአውድማ ላይ ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲጠፋ ገበሬውን ሰነፍ እንለዋለን? አንልም። ልጁን ለአጨዳና ለከብት ጥበቃ አስቀርተን በፈተና ቢወድቅ፣ ሃያ ዓመት ያስተማረውን መምህር መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞም «ጎረቤታችን ነው፣ አርጅቷል» ብለን የማያስተምረውን ዝም ብንል የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እናንተ አሁን ማንበብ ችላችኋል። ማታ የልጃችሁን ደብተር ግለጡ። ትምህርቱ በየቀኑ ተጽፏል? መምህሩ አርሞታል? ስሕተቱንስ አሳይቶታል? ያያችሁትን በወላጆች ስብሰባ ላይ ተናገሩ፤ የሠራውን አመስግኑ፣ የጎደለውን ፊት ለፊት ጠይቁ። ከኋላ ማማት ምዘና አይደለም፤ ያዩትን መመስከር ግን ምዘና ነው።