ስማችን ከየት መጣ?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት የድሮ ስሞች እንደ ሆነ ሲነገር ከኋላ ወንበር ሣቅ ሰምቻለሁ። ሣቁ አላስቀየመኝም። ካሳ፥ ማስረሻ፥ ጣይቱ፥ ወለተ ማርያም የሚባሉት ስሞች ከክፍላችን መዝገብ እየሳሱ መሄዳቸውን፥ ቢገኙም የአያት ስም በሚጻፍበት በሦስተኛው ዐምድ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናያለን። ሆኖም ከመሣቃችን በፊት ትርጉማቸውን መመርመር ይገባናል እላለሁ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአኩ ግን ብዙውን ጊዜ በአያት አፍ ይናገራል፤ አያትም ስም የምታወጣው በዚያ ዓመት በቤቱ ውስጥ የሆነውን አይታ ነው። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሳ፥ ምትኩ ወይም ተካልኝ ይባላል። ኀዘኑ ጠንቶ ከሆነ ማስረሻ ይባላል፤ እንዳይሞት ሲፈራለት ኑርልኝ ይባላል። ዝናም ጠፍቶ ሲመለስ ዘነበ፥ አዝመራው ሲያምር ጥጋቡ ይባላል። ክትባትና ሐኪም ባልነበረበት ዘመን አንዲት እናት የደረሰባትን ሐዘን የጻፈችው በወረቀት ሳይሆን በልጅዋ ስም ነው። እንግዲህ «ማስረሻ» የሚለውን ስም ሰምቶ የሚሥቅ ሰው በማን እንደሚሥቅ ያስብ።

ሁለተኛው ወገን የክርስትና ስም ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀንዋ ሲጠመቁ ቄሱ የሚሰጡት ይህ ስም ከግእዝ የመጣ ነው። ገብረ ማለት የእገሌ አገልጋይ፥ ወልደ የእገሌ ልጅ፥ ኃይለ የእገሌ ኃይል፥ ሣህለ የእገሌ ይቅርታ ነው፤ ለሴቶች ወለተ ልጅ፥ አመተ አገልጋይ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን አይቆሙም። ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ጸሐፊ ኃይለ ሥላሴን ለሁለት ከፍሎ «አቶ ሥላሴ» ብሎ ሲጠራ የሰውየውን ስም ትቶ የፈጣሪን ስም መጥራቱ ነው!

ታሪካችንም እንዲህ ባሉ ድርብ ስሞች የተሞላ ነው። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገስ ነበር፤ ሕዝብ የያዘው ግን «ምን ትዋብ!» የሚለውን አድናቆት ነው። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም፥ በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ 4ኛ ተብለው የነገሡትም አስቀድሞ ስማቸው ካሳ ነበር። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን የንግሥ ስም አደረጉት፤ የቀድሞው ስማቸው ግን ከነማዕርጉ ባሕር ተሻግሮ በጃማይካ የአንድ እምነት መጠሪያ ሆነ። በዚህም ላይ የፈረስ ስም አለ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙ የአማርኛ ስም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ወንዱን ግዛው፥ ናደው፥ ደምሰው፥ ጥላሁን እያልን እናዘዋለን፤ ሴቲቱን ግን ብርቅነሽ፥ ድንቅነሽ፥ ዓለምነሽ እያልን ምን እንደ ሆነች እንነግራታለን። ወንዱ ሥራ ሲሰጠው ለሴቲቱ ምስጋና ብቻ ደረሳት ማለት ነው። እኅቶቼ፥ በዚህ ላይ የምትሉት ይኖራችኋል። ነገር ግን አስናቀች የሚለውም ስም ከአያቶቻችን የመጣ መሆኑን አትርሱ፤ ይህች ሌሎችን ያስናቀች ናት። ደግሞም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፥ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናትን ፍጥረት ዓለም ሉሲ ሲላት እኛ ድንቅነሽ አልናት። ለሰው ዘር ጥንታዊ እናት ክብር የተመረጠው ይኸው የባልቴቶች ስም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ጉዳዬ እገባለሁ።

ደስታ የሚለውን ስም ውሰዱ። ትግርኛ ተናጋሪው ሓጎስ ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገመቹ ይለዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሦስት እናቶች በሦስት ቋንቋ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ባለፈው ዘመን በብዙ ቦታ ሦስቱ ስሞች በእኩል ዐይን አልታዩም። የኦሮሞ፥ የወላይታ፥ የሌላውም ሕዝብ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ክርስትና ሲነሣ ስሙ እየተለወጠ በአማርኛ ይጻፍ ነበር። የአንድ ጓደኛችን አባት ይህ ደርሶባቸዋል። በሰባት ዓመታቸው መምህሩ «ይህ ስም ለመጻፍ አይመችም» ብሎ ሌላ ጻፈላቸው። ዛሬ የምስክር ወረቀታቸው በአንድ ስም፥ የሰፈራቸው ሰው በሌላ ስም ያውቃቸዋል። ጓደኛችንም የአባቱን ስም በጻፈ ቍጥር ያንን መምህር እንጂ አያቱን አይጽፍም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤል እዚያ ሲደርሱ ለብዙዎቹ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ ካደጉ በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱም አሉ።

አንዳንዱ «ስም ምን ያደርጋል? ሥራ ነው እንጂ» ይል ይሆናል። ሥራ እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ሕዝብ በስሙ ጉዳይ እንደ ዋዛ እንደማይታዘዝ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያስረዳናል። ሕጉ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ሴቲቱም ስታገባ ስምዋን ይዛ ትኖራለች።

እኔ ሁሉም ሰው ልጁን ወልደ ሚካኤል ይበል ማለቴ አይደለም። አዲስ ስም ማውጣትም የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ እነርሱ ያዩትን እንደ ሰየሙ እኛም ያየነውን እንሰይም። የምቃወመው ትርጉሙን ሳይጠይቁ መጣልን፥ ከዚያም የባሰውን፥ የሌላውን ሰው ስም ለራስ ምላስ እንዲመች አድርጎ መቍረጥን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ቤት ስንሄድ ሽማግሌዎቻችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ስሜን ማን አወጣው? ለምን? ከአያቴስ በፊት የነበሩት እነማን ናቸው? መልሱን በየቋንቋው ጽፈን ብናመጣ ማኅበሩ አባዝቶ ያወጣዋል። ሁለተኛ፥ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በማኅበሩ መዝገብ ሲጻፉ ጸሐፊው «ስምህን እንዴት ልጻፈው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የተነገረውንም ሳያሳጥርና ሳይለውጥ ይጻፍ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የጸሐፊውን ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

አያቶቻችን ዕድሜያቸው የገፋ ነው። የዚህ ዓመት ዕረፍት ካለፈ በኋላ የምንጠይቃቸው አንዳንዶቹ ላይኖሩ ይችላሉ።