ብስክሌተኛን የሚገድለው አደጋ የትኛው ነው?

(በሠፈር ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው አገራችን ሜዳ ነው። ከቆቦ እኛ ጋ፣ ከኛም አልፎ እስከ አላማጣ ድረስ ብስክሌተኛን የሚያስለከልክ ዳገት የለም። ተማሪው ደብተሩን፣ ሠራተኛው መሣሪያውን፣ ገበያተኛው ጀሪካኑን ጭኖ እንደልቡ ይሄዳል። በዚህ እኛ ከደጋው ሰው የታደልን ነን።

ይሁን እንጂ ሜዳው የተመቸው ለብስክሌት ብቻ አይደለም። በከተማችን መካከል የሚያልፈው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል መቀሌ የሚገባው ዋናው አውራ ጎዳና ነው። ከማይጨው በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና የግራ ካሕሱን ጥምዝምዝ በፍሬን ሲወርድ ቆይቶ አላማጣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ እፎይ ይላል፤ ነዳጁንም ይረግጣል። ከደቡብ የሚመጣውም እንደዚያው። ቀጥ ያለ አስፋልት ሾፌርን ያፈጥናል፣ ያዘናጋል፣ ሲመሽ ደግሞ ያስተኛል።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው የብስክሌት አደጋ የገበያ ቀን አደጋ ነው። ከባጃጅ ጋር መላተም፣ አህያ ወይም ፍየል ገብቶ መውደቅ፣ ጉልበት መላጥ፣ ጎማ መጣመም። ጩኸቱ ይበዛል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይታረቃል። ሰው የሚሞትበት ግን በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከኋላ በሚመጣ ፈጣን መኪና የሚደርሰው ነው። ብስክሌተኛው መኪናውን አያየውም፤ ሾፌሩም ብስክሌተኛውን አላየውም።

እንዴት አላየውም? ትሉኝ ይሆናል። ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በአጭር መብራት የሚነዳ ሾፌር ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው ለይቶ የሚያየው 30 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። እንግዲህ የቀረው 8 ሜትር ነው! የተጫነ ተሳቢ አይደለም፣ ባዶ ፒክአፕም በ8 ሜትር አይቆም። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ከመጣማ ነገሩ የባሰ ነው፤ ሾፌሩ ለጊዜው ዓይነ ስውር ሆነ ማለት ነው። በሁለቱ መብራት መካከል ያለው ብስክሌተኛ ይጠፋል። ብስክሌተኛው ደግሞ «መንገዱ እንዲህ ቦግ ብሎ በርቶልኝ እንዴት አያየኝም» ብሎ ተማምኖ ይሄዳል።

ፍጥነቱም የራሱ ዕዳ አለው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ 4 ገደማ ይጨምራል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከዚህ ውስጥ በመቶ 6ቱ ብስክሌተኞች ናቸው። ሰባ ሺህ ሰው አካባቢ መሆኑ ነው።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለሐዘንተኛ ይህ ማጽናኛ ነው፣ አልነቅፈውም። ከለቅሶ ቤት ስንወጣ ግን «መብራት ነበረው ወይ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

የብስክሌተኛውም ጥፋት አለ እኮ፤ አንደባብቀው። አገሩ ሜዳ ነው ብለን ፍሬን አናሠራም፤ በጫማ ሶል የሚያቆም ጎረምሳ ስንት አለ! ወደ ኋላ ሳያይ፣ እጁን ሳያሳይ ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፍም አለ፤ ይህ ከኋላ ከመገጨት ቀጥሎ እጅግ የሚያሰጋኝ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «መኪናውን ፊት ለፊት ልየው» ብሎ በግራ በኩል ይነዳል። ለእግረኛ ይሆናል፣ ለብስክሌት ግን አይሆንም፤ የሁለቱ ፍጥነት ተደማምሮ ነው የሚመጣበት። ስለ ራስ ቆብ ከጠየቃችሁኝ፣ ያለው ያድርገው፤ ጭንቅላትን በእርግጥ ያድናል። ነገር ግን ሲኖትራክን የሚያቆም ቆብ አልተሠራም። በቅድሚያ አለመገጨት ይሻላል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቶባታል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌትን ከመኪና የሚለይ መንገድ በሰፊው መሥራት የጀመሩት። እኛ እንደነሱ ያለ መንገድ ነገ አናገኝም። ዳሩ ግን ከአስፋልቱ ጎን ያለው አፈር መንገድ አለልን አይደለም እንዴ? ድንጋይ፣ አሸዋና የማሽላ አገዳ እየከመርንበት ልጆቻችንን ወደ መኪናው የምንገፋቸው እኛው ነን።

ስለዚህም ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከወርኃዊው መዋጮ ላይ ጥቂት ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይገዛ። በመጀመሪያ አምሽተው ለሚመለሱ ተማሪዎችና ለቀን ሠራተኞች ይሰጥ። እስከዚያው ድረስ እናቶች ለልጆቻችሁ ማታ ነጭ ነጠላም ቢሆን አልብሱልን፤ ጫፉ ግን ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ይታሰር። በከተማው መግቢያና መውጫ ላይ መኪና የሚያበርድ ጉብታ እንዲሠራ ለሚመለከተው ክፍል የሚጻፈውን ደብዳቤ ረቂቅ ጸሐፊው ይዞታል፤ አንብባችሁ ፈርሙ።

ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። በበራችሁ ፊት የመንገድ ዳር ላይ አሸዋ ወይም ድንጋይ ያላችሁም፣ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ አንሡልን።