«ነጩ ክኒን» አትበሉን
በአረጋውያን ክበብ አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ያደረገችው ንግግር

እኔ የምሠራው ሆስፒታል፣ ሚዩን በምንለው የድንገተኛ ክፍል ነው። ዛሬ ስለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላጫውታችሁ።

አንድ ሌሊት አንዲት እናት እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስላቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። የልጅ ልጃቸው በዕብራይስጥ የጻፈላቸው ነው። አንደኛው መድኃኒት ሦስት ፊደል ብቻ ነበር፦ ላመድ፣ ሳመኽ፣ ኩፍ። ሎሴክ ይሆን ላሲክስ? ሎሴክ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ላሲክስ ግን በሰውነት የተጠራቀመ ውኃ በሽንት ያስወጣል፤ ልባቸው ለደከመ ሰዎች ይታዘዛል። «የቱ ነው፣ እማዬ?» ብላቸው «ነጩ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ነጭ ክኒን ስንት አለ! ልጃቸው ቤት ሄዳ ካርቶኑን በስልክ እስክታነብልን ድረስ፣ ሐኪሙ የለመዱትን መጠን ሳያውቅ ነበር የሚያክማቸው።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እነዚህ ሁለት ስሞች የተማረውንም ያሳስታሉ፤ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1990 ሎሴክ ስሙ ተቀይሮ ፕሪሎሴክ ተባለ።

ደግሞም አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ይኖረዋል። ፉሲድና ላሲክስ አንድ ናቸው። ሁለት ካርቶን አይቶ ከሁለቱም የዋጠ ሰው እጥፍ ወሰደ ማለት ነው።

ስለዚህ አደራ፦

ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ የመድኃኒታችሁን ዝርዝር አትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከተዑዳት ዜሁት ጋር ይቀመጥ። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዝርዝር ውሰዱ፤ አሮጌውን ቅደዱት።

ዝርዝር ከሌላችሁ ካርቶኖቹን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በቀን ስንቴ እንደምትወስዱትም ያስፈልገናል።

እንደ ኩማዲን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ይልቁንም ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ፣ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

በራሳችሁ ያቋረጣችሁትን፣ ከጎረቤት የተቀበላችሁትን፣ የአገር ቤቱንም መድኃኒት ንገሩን። የምንጠይቀው ልንቆጣ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? መድኃኒቱን የደበቀም ያው ነው።

እኚያ እናት ተሽሏቸው ወጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትም በማሽን የታተመ ዝርዝር ነበር።

ጤናውን ይስጣችሁ።